የፈረቃ ሰላምታ

ባሌ፣ ሮቤ ከተማ፣ አንድ ዱቄት ፋብሪካ ውስጥ የፈረቃ ኃላፊ ነኝ። ካይዘን የሚሉትን የብክነት መቀነሻ አሠራር ሠልጥኜ የተመለስኩ ሰሞን ብክነት የማይታየኝ ቦታ አልነበረም። የተዝረከረከ መፍቻ፣ ያለ ቦታው የተከመረ ጆንያ፣ ሁሉንም ደብተሬ ላይ አሰፍር ነበር። ከሁሉ ያናደደኝ ግን ሰላምታው ነው።

ፈረቃ ሲቀየር ወጪና ገቢ በሩ አጠገብ ያለችው አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ሰላም ይባባላሉ። መቼም የባሌ ሰላምታ ነው። «አካም ቡልተ? ነጋ ዳ?»፣ እንዴት አደርክ፣ ሰላም ነው ተብሎ ይጀመርና ልጆቹ ይጠየቃሉ፣ ላሞቹ ይጠየቃሉ፣ ስንዴውን ዋግ መትቶት እንደሆነ፣ አጋርፋ ያሉት አማት ጉልበት ተሽሏቸው እንደሆነ ይጠየቃል። ጠያቂው አንድ ሽማግሌ መካኒክ ነበሩ። እኔንም ሥራውን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። እኔ ግን ሩብ ሰዓት በከንቱ አልኩና አስቀረሁት። አግዳሚዋን አስወጥቼ በምትኳ ሰሌዳ ሰቀልኩ፤ ወጪው ያየውን ይጽፋል፣ ገቢው ያነባል።

ሰሌዳው አማረልኝ። ጎብኚ ሁሉ ፎቶ ያነሳው ነበር። በሽማግሌው ተራ ግን የሚጻፈው ዘወትር ያችው አንዲት ቃል ናት፦ «ደህና»። እልህ መሰለኝ። አንድ ቀን ሰው ፊት፣ «ሰሌዳው ለጌጥ አልተሰቀለም እኮ!» አልኳቸው። በሳምንቱ ሥራውን ትተው ጎባ ቤታቸው ገቡ።

ሁለት ወር ሳይሞላ የሁለተኛዋ ወፍጮ ኩሽኔታ ተቃጥሎ ፋብሪካው ቆመ።

«ማንኮራፋት ከጀመረች ሰነበተች» አለ አንድ ሠራተኛ።

«ታዲያ ለምን አልተናገርክም?»

«ማን ጠየቀኝ? እሳቸው ከላሞቹ ቀጥለው እሷን ይጠይቁን ነበር። ድምጿን፣ የቱ ጋ እንደሚሞቃት።»

«እሳቸውስ ቢሆኑ ሰሌዳው ላይ ለምን አይጽፉትም ነበር?»

አንገቱን ደፋ። «መጻፍ የት ያውቃሉ? ያቺን ‹ደህና›ን እንኳ ልጃቸው ናት ያለማመደቻቸው።»

አፈርኩ። ስንት ዓመት አብሬያቸው ስሠራ አላወቅኩም። አግዳሚዋን ከዕቃ ቤት አስወጥቼ ቦታዋ መለስኳትና በማግስቱ በሚኒባስ ጎባ ሄድኩ። እግራቸው ላይ ወድቄ ይቅርታ ልጠይቅ፣ ለምኜም ላመጣቸው ነበር።

አልጋ ላይ ናቸው። ልጃቸው በትራስ ደግፋ ቀና አደረገቻቸው። ከስተው አጥንታቸው ቀርቷል፤ እንደማይመለሱ ገባኝ። «አባባ፣ እኔ...» ብዬ ስጀምር እጃቸውን አንስተው አስቆሙኝ። መጀመሪያ ሰላምታ ነው።

«አካም ቡልተ፣ ልጄ?»

እናቴን ጠየቁ። ትንፋሽ እስኪመለስላቸው ጠብቀው ልጆቼን ጠየቁ። ደግሞ አረፍ ብለው ላሜ ወልዳ እንደሆነ ጠየቁ። እኔ ለእያንዳንዱ መለስኩ፤ ቀጥሎ የምትመጣውን ጥያቄ ግን አውቃት ነበር።

«ሁለተኛዋስ?» አሉኝ። «ድምጿ እንዴት ነው?»

«ደህና» አልኳቸው።

አመኑኝ።