«እሱ» የነበረው «እኔ» ሲሆን

ይህ የገጠመኝ ባለፈው ዓመት፣ ዝናቡ ሊጀምር ሲል ነው። ጉለሌ ውስጥ የአማርኛ መምህር ነኝ። ብዙ ነገር ቶሎ እረሳለሁ፤ ድካም ነው መሰለኝ። ይህኛው ግን ከአእምሮዬ አልወጣ ብሎኛል።

የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎቼን «የሰፈራችሁን ሽማግሌዎች ጠይቁና በድሮ ዘመን የኖረ አንድ ሰው ፈጥራችሁ ታሪኩን ጻፉ» አልኳቸው። የሌላውን ሰው ኑሮ ከውስጥ ሆነው ያዩታል ብዬ ነው። ግማሾቹ ከስልክ ገልብጠው መጡ። ከቀሩትም ብዙዎቹ እርስ በርስ ተኮራረጁ። ያም ሆኖ ሁሉንም ቤቴ ወስጄ ዓይኔ እስኪፈዝ አነበብኩት።

ናትናኤል የሚባል ቀልደኛ ተማሪ አለኝ። የእሱ ታሪክ ስለ አንድ የሽሮ ሜዳ ሸማኔ ነው። ሸማኔው በደጅ ባለፈ ቁጥር ጎረቤቱ «ቁጢት በጣሽ» ይለዋል። ድሮ ሸማኔ የሚሰደብበት ስም ነው። ናትናኤል ድምፁን እየቀያየረ ክፍል ውስጥ ሲያነበው ተማሪው በሳቅ ፍርስ አለ።

ትዕግስት የምትባለው ተማሪዬ ብቻ አልሳቀችም። አባቷ ሸማኔ ናቸው፤ ይህን ከእኔ በቀር ክፍሉ ውስጥ የሚያውቅ አልነበረም። ከማግስቱ ጀምሮ ከትምህርት ቤት ቀረች።

ስትጠፋብኝ አባቷ ጋ ደወልኩ። «መምህር፣ ትምህርት በቃኝ ብላ እኔ ጋ ክር ታጠነጥናለች። ምን ሆነሽ ነው ብላት አትነግረኝም» አሉኝ። እኔም የክፍሉን ነገር ሳልነግራቸው ስልኩን ዘጋሁ።

ናትናኤልን ጠራሁት። ለመቆጣት እንኳን አቅም አልነበረኝም። «ታሪኩን እንደገና ጻፈው። ሸማኔውን ‹እሱ› አትበለው፤ ‹እኔ› በል» አልኩት።

«በቃ? ይሄ ብቻ ነው ቲቸር?»

«ይሄ ብቻ ነው።»

ብዙም ሳይቆይ ተመልሶ መጣ። «ቲቸር፣ እምቢ አለኝ። ተሰድቤ ቤት ስገባ ለልጄ ምን እንደምላት አላውቅም» አለኝ። ሽሮ ሜዳ ሄደህ ሸማኔ ጠይቅ አልኩት። ከዚያ ሁሉ ሸማኔ ሳያውቅ የገባው የትዕግስት አባት ጋ ነው።

የሆነውን የነገረኝ ራሱ ናትናኤል ነው። ሰውየው እግራቸውን ከመሸመኛው ሥር ባለው ጉድጓድ ውስጥ አድርገው እየሸመኑ ነበር። ጥያቄውን ሲሰሙ መወርወሪያቸውን አስቀመጡ። «እኔም ስንቴ ተብያለሁ። ልጄ እንዳትሰማ ብዬ ግን ቤት ስገባ ዝም ነው» አሉት።

ከኋላ ክር የምታጠነጥነው ልጅ ቀና አለች። ናትናኤል ትዕግስትን ያያት ያኔ ነው።

«እኔም እኮ አባዬ፣ አንተ እንዳትሰማ ብዬ ነው ያልነገርኩህ» ብላ አለቀሰች።

ናትናኤል የሚገባበት ጠፋው። «ክፍል ውስጥ ያነበብኩት እኔ ነኝ» አላቸው። አባቷ አጠገባቸው ያለውን በርጩማ እያሳዩ «ቁጭ በል» አሉት።

ሰኞ ትዕግስት መጣች። እሷ ይሁን ስላለች ናትናኤል አዲሱን ታሪክ አነበበ። ሸማኔው ስድቡን ሰምቶ ቤቱ ይገባል፤ ልጁ «እንዴት ዋልክ?» ስትለው «ደህና» ይላታል። እዚያው ላይ ያልቃል። ማንም አልሳቀም።

ደስ ብሎኛል፣ አልዋሽም። ግን የድሮ ታሪክ ብዬ የሰጠሁት ሥራ ዛሬም ልጅ ከትምህርት ቤት ማስቀረቱን ሳስብ ይደክመኛል። ዘንድሮም እኔው ነኝ የማስተምራት። ስም ስጠራ እሷ ላይ ስደርስ ቀና እላለሁ፤ «አቤት» ስትል ሰምቼ ነው ወደሚቀጥለው የማልፈው።