ከማሽላው መካከል የሰማሁት

ባለፈው ሳምንት ከምሳ በኋላ የጀመረው ዝናብ አላባራ ብሎ፣ የልጄ ልጅ ሰላማዊት ጫማዋ በጭቃ ተለውሶ አዘዞ ቤታችን ደረሰች። ሥራዋ የተጣሉ ባልና ሚስትን፣ ከልጆቻቸው የተኳረፉ ወላጆችን ማዳመጥና ማገዝ ነው። ለዚሁ ብላ እዚሁ ጎንደር ሁለተኛ ዲግሪ ጀምራለች። እኔ በመሠረተ ትምህርት ፊደል ቆጥሬ የቀረሁ ሰው ነኝና፣ «ሰው ማስታረቅ ደግሞ በዲግሪ ሆነ?» እያልሁ አበሽቃታለሁ።

የዚያን ዕለት ግን ሳልነካት በሽቃ ነው የመጣችው። በክፍላቸው ልምምድ ነበረ። አንዱ ተማሪ ባል፣ አንዷ ሚስት ሆነው ሲጣሉ እሷ ታዳምጣለች። መፍረድ የለም፤ የሰማችውን መልሳ መንገር ብቻ።

«ሦስት ጊዜ ተሳሳትኩ አባባ! ሚስቲቱ ያላለችውን ነው የምናገረው። መምህሩ ‹የራስሽን ሐሳብ ነው የመለስሽላት› አለኝ።»

የቆሎውን ሳህን ወደ እሷ ገፋ አድርጌ ሳቅሁ። በዚህ ፈተና እኔም ወድቄ አውቃለሁ። የወደቅሁት ዛሪማ፣ ማሽላ መካከል ነው።

ያኔ ሃያ ሁለት ዓመት ቢሆነኝ ነው። አገራችን ከደባርቅ በላይ፣ ከገብስ በቀር ብዙ የማይበቅልበት ብርዳም ደጋ ነው። ይታይሽን ያገባኋት ግን ከቆላ ነው፣ ከዛሪማ። በገባች በዓመቱ፣ ሰኔ ላይ፣ ልብሷን በአንዲት ቦርሳ ሸክፋ ወደ አባቷ ቤት ወረደች። ለጠየቀኝ ሁሉ ብርዱ አልስማማ ብሏት ነው አልሁ።

ሽማግሌ ላክሁ፤ ሦስቱም የአባቴ ወዳጆች። ሁለት ጊዜ ወርደው፣ ሁለት ጊዜ ከአባቷ ጋር ጠላ ጠጥተው ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። በሁለተኛው አባቷ ቁርጡን ነገሯቸው፤ እስከ መስቀል ካልተስማማን ልጃቸውን ለሌላ ይድራሉ። ከዚያ ወዲያ እህል አልወርድልህ አለኝ። ጎረቤታችን አያ ደርሶ ዘንድ ሄድሁ። ስልሳውን ያለፉ ገበሬ ናቸው፤ አጥር ሲያጥሩ አገኘኋቸው።

«አያ ደርሶ፣ ያስታርቁኝ።»

«ምነው፣ ሽማግሌዎቹስ?»

«እምቢ ተባሉ።»

«ማን ነው እምቢ ያለው?»

«አባቷ።»

«እሷንስ ማን ጠየቃት?»

ማንም አልጠየቃትም። እኔም ጭምር።

ሐምሌ ሊያልቅ ቀናት ቀርተውት በሊማሊሞ ጠመዝማዛ ወረድን። ጉሙ ከላይ ቀረ፤ ድብ ባሕር ስንደርስ ጋቢያችንን ከትከሻችን አወረድን። ከዚያ በጭነት ማኪና ተሳፍረን ዛሪማ ብንገባ ሙቀቱ እንደ ምድጃ ፊታችንን መታን። የይታይሽ አባት ጠላ ሊያስቀርቡ ሲሉ አያ ደርሶ፣ «ይቆየን። ልጅቱ ወዴት ናት?» አሉ።

«ማሽላ ታርማለች።»

«እንግዲያ እኛም እናርማለን።»

ማሽላው ጉልበት ደርሷል። አያ ደርሶ እኔን ጥቂት እርምጃ ወዲያ አቁመው፣ «ጀርባህን ሰጥተህ እረም። አፍህን ዝጋ፣ ጆሮህን ክፈት» አሉኝ። ራሳቸው፣ ያን ዕድሜ ይዘው፣ ከይታይሽ ጎን ጎንበስ አሉ። አንድ ትልም ያህል አብረዋት አረሙ።

«ልጄ፣ ባልሽ ከወዲያ ነው። ይሰማል፣ አይናገርም።»

«ይሰማል?»

«ይሰማል።»

«እንግዲያ ጮክ ልበል!»

ጮክ አለችም። «ገብሱን አብሬው አጭጃለሁ፣ አብሬው ወቅቻለሁ። ጠዋት ጠዋት ግን እናቱ እህሉን በቁና ሰፍረው ይሰጡኛል። እንግዳ ቢመጣ እጄን ዘርግቼ እለምናለሁ። እሱ ያያል። አይቶ ወደ በሬዎቹ ይሄዳል። የከፋኝ ቁናው አይደለም አያ፤ አይቶ መሄዱ ነው።»

እጄ ያገኘውን ይነቅል ጀመር።

«አንተ፣ ምን አለች?» አሉኝ አያ ደርሶ።

«እናቱን አልወድም አለች።»

«አላልሁም!»

«አላለችም። እንደገና።»

«ቁናው ለእኔ ይሰጠኝ አለች።»

«እሱንም አላልሁም! ኧረ አያ ይዩልኝ፣ ማሽላዬን እየነቀለው ነው!»

ወደ እግሬ ባይ እውነቷን ነው። አረሙ ቆሞ ማሽላው ተጋድሟል። የገብስ አገር ሰው ምን ለይቶ ያውቃል? ይታይሽ ሳቋን መያዝ አቃታት። አያ ደርሶም ወገባቸውን ይዘው ሳቁ። ሳቁ ሲበርድ ግን ሰውዬው አልማሩኝም።

«አሁንስ፣ ምን አለች?»

«አይቼ ሄድሁ» አልሁ። «የከፋት እሱ ነው። አይቼ፣ እንዳላየ ሰው መሄዴ።»

«አሁን ሰማ» አለች ይታይሽ፣ ለእሳቸው እንጂ ለእኔ አይደለም።

ያን ቀን ፍርድ የለ፣ ካሣ የለ። ማሳውን ጨርሰን እዚያው አደርን፤ ሲነጋ እኔና አያ ደርሶ ወደ ደጋ ተመለስን። በማግስቱ አያ ደርሶ እናቴ ጎመን ስትቀነጥስ ጓሮዋ ገብተው አብረዋት ሲቀነጥሱ ዋሉ። «ቁናውን ከሰጠሁ በዚህ ቤት ምን ይቀረኛል?» ብላ እንዳለቀሰችባቸው የነገረችኝ እናቴ ራሷ ናት፤ ያውም ከስንት ዓመት በኋላ። ከዚያ ቀን ወዲህ ቁናው ጎታው ላይ ተቀመጠ፤ የፈለገ ያነሣዋል። ይታይሽ ለዘመን መለወጫ ሽቅብ መጣችልኝ። በግ ይዤ ላመሰግን ብሄድ አያ ደርሶ፣ «በጉን ለመስቀል እረደው። እኔን ደስ የሚያሰኘኝ ሚስትህን ስትሰማት ነው» ብለው መለሱኝ።

ሰላማዊት ይህን ሰምታ፣ «አባባ፣ ይሄኮ መጽሐፋችን ላይ ረጅም ስም አለው» አለችኝ። ስሙን ነገረችኝ፣ ረሳሁት።

ትናንት ከሥራ ስትመለስ ፊቷ ሸጋ ነበር። ወራት ሙሉ ያልተነጋገሩ ባልና ሚስት ቤት ሄዳ፣ ሴትዮዋ ምስር ስትለቅም ብታገኛት አብራት ስትለቅም ዋለች።

«ታዲያ ምን አለች?» አልሁ ጓጉቼ።

«አባባ! እሱማ አይነገርም።»

አፈርሁ፤ ደስም አለኝ። አያ ደርሶ ከዚያ ማሳ የሰሙትን ለማንም ሳያወሩ ነው ያረፉት። ያወራሁት እኔ ነኝ፤ እሱንም ይታይሽን አስፈቅጄ።

«ጻፈው» አለችኝ ይታይሽ። «ብቻ ማሽላዬን የነቀልኸውን እንዳትዘለው።»