ቅዝቃዜ የሌለው ናና

ጋሽ ፍሬን የሚለውን ስም ያወጡለት ተሳፋሪዎቹ ናቸው። ዕድሜ ልኩን የከተማ አውቶቡስ ሲነዳ፣ ድመት መንገድ ልታቋርጥ ገና ስታስብ እሱ ፍሬን ይይዛል እያሉ ያሙት ነበር። እንዲህ ያለው ጥንቁቅ ሰው ጡረታ ከወጣ በኋላ ዘው ብሎ የገባበት ነገር ቢኖር አትክልተኝነት ነው። ያውም ወዶ አይደለም፤ ሚስቱ ናት ያስገባችው።

ሚስቱ የአንድ ትልቅ ፋብሪካ ሠራተኞች የሚመገቡበት ማእድ ቤት ዋና ምግብ አብሳይ ነበረች። ክፉ ጉንፋን ያዛት፤ ሲለቃት ታዲያ ማሽተቷን ይዞባት ሄደ። መጀመሪያ ላይ ቀልዳበታለች። “ያንተን ካልሲ ማሽተት ቀረልኝ፣ ምን አለበት!” ብላዋለች። አንድ ቀን ግን ከኋላዋ መጥበሻ ላይ ዘይት ሲጨስ እሷ ምንም ሳታውቅ ካሮት ትከትፋለች፤ ጓደኛዋ ጮኻ ባትደርስ ኖሮ እሳት ይነሣ ነበር። የዚያኑ ዕለት ሽርጧን አውልቃ ፈቃድ ጠየቀች። አለቃዋ ደግ ሰው ነው፤ “ዳኚና ተመለሺ፣ ቦታሽን ማንም አይወስደውም” ብሎ ሸኛት። ቤት ከገባች በኋላ ማብሰሉም መብላቱም አስጠላት። “ካርቶን የማላምጥ ነው የሚመስለኝ” ትላለች፤ ሁለት ጉርሻ ሳትጨርስ ሳህኑን ገፋ ታደርገዋለች። ጋሽ ፍሬን ስትከሳ ቢያይ ሐኪም ዘንድ ይዟት ሄደ።

ሐኪሙ ብዙ ተስፋ አልሰጣቸውም። “የማሽተቱ ነርቭ ተጎድቷል። ሊያገግም ይችላል፤ ላያገግምም ይችላል። ሲያገግምም መጀመሪያ ላይ ሽታ ሊያምታታ ይችላል። ለማንኛውም ደህና ሽታ ያለው ነገር ጠዋትና ማታ እያሸተትሽ አለማምጂው” አላት። ጋሽ ፍሬን ከዚህ ሁሉ ውስጥ የሰማው “ሊያገግም ይችላል” የምትለዋን ብቻ ነው።

በማግስቱ መንገድ ዳር ችግኝ የምትሸጥ ሴት ዘንድ ሄደ። ሴትዮዋ ጉዳዩን ሰምታ ቅጠል እየቀነጠሰች፣ በጣቷ እያሸች ወደ አፍንጫው ታስጠጋለት ጀመር። “ሁሉም ናና ነው፣ ጋሼ” አለችው። ግንዱ ጠቆር ያለው ቸኮሌት ቸኮሌት ይላል። ጠርዙ ነጭ የሆነው አናናስ ነው። ጠጉራም ቅጠል ያለው ፖም፣ ልሙጡ ደግሞ የተላጠ ብርቱካን ይሸታል። መጨረሻ ላይ ለከረሜላና ለጥርስ ሳሙና የሚሆነውን፣ ጉሮሮ ድረስ ዘልቆ የሚያቀዘቅዘውን አስጠጋችለት፤ ዓይኑ እንባ አቀረረ። ጋሽ ፍሬን አፉን ከፍቶ ቀረ። ናና ማለት ናና ነው ብሎ የኖረ ሰው ነዋ!

ከሁሉም ወሰደ። ሴትዮዋ ስትሸኘው፣ “አደራ፣ እያንዳንዱን ለየብቻው በዕቃ ትከለው። ሥሩ መሬት ለመሬት ይሮጣል፣ ጎረቤት አያውቅም” ብላው ነበር። ማን ይስማት! አውቶቡስ ውስጥ ሕዝብ ሲጠቀጥቅ የኖረ ሹፌር ለአምስት ችግኝ አምስት ዕቃ ይፈልጋል? ከማእድ ቤቱ መስኮት ሥር አንዲት መደብ ቆፈረና ሁሉንም አንድ ላይ ደረደራቸው። “ጠጋ ጠጋ በሉ እንጂ! መሀሉ ባዶ ነው” እያለ ሲተክል ሚስቱ በመስኮት ሰምታው ከስንት ጊዜ በኋላ ሳቀች።

ናናው ዝናብም ፀሐይም ተስማምቶት መደቡን ሞላ። ጠዋት ጠዋት ሚስቱ በሩ ላይ በርጩማ አውጥታ ትቀመጣለች፤ እሱ ቅጠል አሽቶ ያቀርብላታል። “ምንም” ትለዋለች። በማግስቱም “ምንም”። አንድ ቀን ግን ክንዱን ጨምድዳ ያዘችው።

“ቆይ! ቆይማ... ገባ! አፍንጫዬ ውስጥ ገባ!”

የዚያን ቀን የሆኑትን አይጠይቁኝ። ተቃቀፉ፣ አለቀሱ። ጋሽ ፍሬን ለእህቱ ደወለ፤ ጎረቤት ለጎረቤት ዞሮ አበሠረ። ሚስቱ ሽርጧን አጥባ፣ ተኩሳ፣ ለሰኞ አዘጋጀች። ሥራ ከመግባቷ በፊት ሐኪሙን እናመስግን ብለው አብረው ሄዱ።

“ስታሸቺው ምን ተሰማሽ?” አላት ሐኪሙ።

“ቀዝቀዝ አለኝ። እስከ ግንባሬ ድረስ።”

“እሺ፣ ከቅዝቃዜው ሌላስ?”

“ሌላማ የለም” አለች ሚስቱ። ሐኪሙም አዝኖ፣ ቀስ ብሎ አስረዳቸው። በርበሬ ቆዳ ሲነካ ያቃጥላል፤ ማቃጠሉን ግን የምናውቀው በማሽተት አይደለም። የዚህ ናና ቅዝቃዜም እንደዚያው ነው፤ በሌላ ነርቭ በኩል ነው የሚሰማው፣ ማሽተት የማይችል ሰውም ይሰማዋል።

ቤት ሲደርሱ ሚስቱ የተተኮሰውን ሽርጥ አጥፋ መሳቢያ ውስጥ ከተተችውና፣ “ከእንግዲህ ቅጠል የሚባል እንዳታመጣብኝ” አለችው። ጋሽ ፍሬን የሰረቃት ያህል አፈረ። ደስታውን ለሰፈሩ ሁሉ የነዛው እሱ፣ አሁን ማንን ቀና ብሎ ይይ?

ያም ሆኖ በሳምንቱ ችግኝ ሻጯ ዘንድ ተመልሶ ሄደ። “ቅዝቃዜ የሌለው ናና የትኛው ነው?” አላት።

“ፖሙና ብርቱካኑ ናቸዋ። የእነሱ ሽታ ብቻ ነው ማለት ይቻላል። ግን ሰጥቼህ የለ?”

“አላገኘኋቸውም። መደቡ ላይ ሁሉም አንድ ዓይነት ሆኗል።”

“ጋሼ! አንድ ላይ ተከልካቸው እንዴ?”

ቀዝቃዛው ናና ከሥር ከሥር ሮጦ ሌሎቹን ውጧቸዋል ማለት ነው። ለካ ያን ሁሉ ጊዜ ያስሸተታት እሱኑ ነበር። ሴትዮዋ ዘንድ ደግሞ ሁለቱም ዓይነት ተሸጠው አልቀዋል። ጋሽ ፍሬን ቤቱ ተመልሶ በጉልበቱ ተንበረከከና መደቡን ይነቅል ጀመር። እያንዳንዱን ቅጠል ያሻል፣ ያሸታል፤ እየቀዘቀዘው ይጥላል። ወገቡ ሊቆረጥ ደረሰ። ፖሙ የለም፤ አናናሱም የለም። በመጨረሻ ግድግዳው ጥግ፣ ድንጋይ ከልሎ ያተረፈው አንድ ቀጭን ቡቃያ አገኘ። አሸተተው። ብርቱካን! መሬት ላይ እንደተቀመጠ ጮክ ብሎ ሳቀ።

ቡቃያውን ቆርጦ ብርጭቆ ውኃ ውስጥ አቆመው፤ ሥር ሲያወጣ ባሮጌ ባልዲ ለብቻው ተከለው። ሚስቱ እያየች እንዳላየች ስትሆን ሰነበተች። ቅጠሉ ሲበዛ ግን ራሷ መጣች።

“እሞክራለሁ፤ ግን በኔ ሕግ ነው” አለችው። “ዓይኔን በሻሽ አስራለሁ። አንዴ ናናውን፣ አንዴ የግቢውን ሣር ታስጠጋልኛለህ፤ የትኛው እንደሆነ እንዳትነግረኝ። መተንፈስም የለም! አንተ በትንፋሽህ ነው የምታስታውቀው። ሁለተኛ ራሴን አልሸውድም።”

በዚህ ሕግ ክረምቱ አለፈ። ናናው “ምንም”፣ ሣሩም “ምንም”። ጋሽ ፍሬን ትንፋሹን ዋጥ ማድረግ ለመደ። ባልዲው ውስጥ ያለው ናና ግን ቅጠል ማውጣቱን አላቆመም፤ እሱም መቀንጠሱን አልተወም።

አንድ ጠዋት እንደ ልማዱ ቅጠሉን አሽቶ ሲያስጠጋላት ራሷን ወደ ኋላ ወረወረች።

“ኧረ! ምንድን ነው እሱ? የተቃጠለ ጎማ ነው እንዴ የምታስጠጋልኝ?”

ጋሽ ፍሬን ትንፋሹን ዋጠ። ሣሩን አስጠጋላት።

“ምንም” አለች።

ናናውን መለሰው።

“ይኸው! ይኸው መጣ! አርቀው፣ ይገማል!”

ሻሹን ከዓይኗ ላይ መንጭቃ አወረደችና እጁ ላይ ያለውን ቅጠል አየች። እሱ ቅጠሉን ራሱ አሸተተው፤ የተላጠ ብርቱካን ነው፣ ምንም አልሆነ።

“ቀዘቀዘሽ?” አላት።

“አልቀዘቀዘኝም። ሽታ ነው። መጥፎ ሽታ ነው።” ይህን ስትል የተናገረችው ለራሷም ገባት።

“ልጣልልሽ?”

“እንዳትሞክራት!” ብላ ቅጠሉን ከእጁ ነጠቀችው። እንደገና ወደ አፍንጫዋ አስጠጋችው። ፊቷ ጭምድድ አለ፤ እንባዋ በጉንጯ ላይ ወረደ።

“ወይኔ፣ ወይኔ ሲገማ!” አለች፤ ደግማም በረጅሙ ሳበችው።