እናቴ የምትፈራው ነፋስ

በዚያ ዓመት ሥራዬ አየር መሳል ነበር። ሀርጌሳ፣ ኮድቡር ሰፈር፣ በተከራየኋት ክፍል ኮምፒውተሬን ከፍቼ ለአንድ ባለ አራት ፎቅ የገበያ ሕንፃ አየር በየት እንደሚገባ፣ በየት እንደሚዞር፣ ሞቆ በየት እንደሚወጣ በሰማያዊና በቀይ ቀስቶች አሰምራለሁ። ቀስቶቹን አፍጥጬ ስቆይ መንቀሳቀስ ይጀምራሉ። በመስኮቴ ወጥተው፣ ድንበሩን ተሻግረው፣ እናቴ ወዳለችበት ከተማ ወደ ሰሜን ይሄዳሉ። እኔም አብሬያቸው እሄዳለሁ። የሚመልሰኝ የባጃጅ ጡሩምባ ነው።

ያቺ ከተማ በጦርነቱ ከተዘጋች፣ ስልኳም ከተቋረጠ ወራት አልፈው ነበር። በየጠዋቱ እደውላለሁ፤ ያችው የተቀዳች ሴትዮ ያንኑ “ማግኘት አይቻልም” ትለኛለች። እናቴ ትኑር አትኑር አላውቅም። ሰው ሲጠይቀኝ ግን “ደህና ናት” እላለሁ፤ ሌላ መልስ ከአፌ እሺ ብሎ አይወጣም።

እናቴ በሕይወቷ አጥብቃ የምትፈራው አንድ ነገር ነበር፤ ነፋስ። ሚኒባስ ስትሳፈር መስኮት አጠገብ የተቀመጠውን ሁሉ “ዝጋው ልጄ፣ ይመታናል” ትላለች። በሙቀት ልናልቅ ምንም አይቀረንም፣ መስኮቱ ግን ይዘጋል። የእኔ ጉንፋን፣ የእሷ ወገብ፣ የጎረቤታችን አፍ መጣመም፣ ሁሉም የነፋስ ሥራ ነው። ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ስለ አየር ስማር በእሷ ስቄ አልጠግብም ነበር።

ሕንፃው አልቆ የአየር ማቀዝቀዣው መሥራት እንደ ጀመረ ባለቤቱ አስጠሩኝ። አዛውንት ናቸው። ድሮ ይህችው ከተማቸው ሀርጌሳ በጦርነት ስትፈርስ ወደ እኛ አገር ተሰደው ነበርና አማርኛውን እዚያ ለምደውታል። የቀትር ሶላት እንዳለቀ፣ ሰው ሲወጣ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ወዳለው የመስገጃ ክፍል ይዘውኝ ገቡ።

“እንዴት ነው አየሩ፣ ኢንጂነር?”

“ጥሩ ነው፣ ሐጂ።”

“ቆመህማ ጥሩ ነው። ተደፋና ግንባርህን ምንጣፉ ላይ አድርግ።” ማመንታቴን አይተው ሳቁ። “አይዞህ፣ ላሰልምህ አይደለም። አየሩን እንድታይ ነው።”

ተደፋሁ። ታች ያለው አየር ንቅንቅ አይልም፤ የሰዉ ትንፋሽ እንዳለ ምንጣፉ ላይ ተኝቷል። የእኔ ቀዝቃዛ አየር ከላይ ኮርኒሱን እየታከከ ሲሄድ ይሰማኛል፤ ግባ ቢሉት በር ላይ ቆሞ እንደሚግደረደር እንግዳ ነበር። የአየሩን መጠን በትክክል አስልቼዋለሁ። ቀዝቃዛው አየር የሚለቀቅባቸውን መውጫዎች ግን አንድ ሳላስቀር ወደ ላይ አዙሬያቸዋለሁ፤ ማንንም እንዳይመቱ። ስሌት አልነበረም ያን ያዘዘኝ። በሳልኩት ክፍል ሁሉ ጥግ ላይ እናቴን አስቀምጫት ኖሯል።

“ለምን ወደ ላይ አደረግኸው?” አሉኝ።

“እናቴ ነፋስ ትፈራለች” አልኩ፣ ከተደፋሁበት ሳልነሳ።

አልሳቁም። “የት ናት?”

“አላውቅም።” ለመጀመሪያ ጊዜ አልኩት። እንባዬ ምንጣፉ ላይ ወረደ፤ አላፈርኩም።

አጠገቤ ቁጭ አሉ። “ወላሂ፣ እኔም እንዲህ ሆኜ አውቃለሁ” አሉ። “አላህ ድምፅዋን ያሰማህ።” ከዚያ ራሳቸው መሰላል አስመጡና ያዙልኝ፤ እኔ ወጥቼ መውጫዎቹን አንድ በአንድ ወደ ታች አዞርኩ።

የእናቴ ከተማ ስልክ የተከፈተ ቀን እዚያው ሕንፃ ውስጥ ነበርኩ። ከሁለት ጥሪ በኋላ ተነሳ። “እማዬ!” አልኩ። ከእሷ ድምፅ ኋላ ሹ የሚል ነገር ይሰማኛል።

“ውጭ ነሽ እንዴ?” አልኳት።

“ቤቴ ነኝ። መስታወቱ በከባድ መሣሪያ ረግፎ፣ ክረምቱን ያለ መስኮት ነው የከረምኩት።” ድምፅዋ ዝቅ አለ፤ ያፈረች መሰለኝ። “ለካ ነፋስ ሰው አይገድልም፣ ልጄ።”