ግራ ግባ ሲለኝ ግራ ገባኝ

ስኮትላንድ ገጠር፣ ቦይ ውስጥ ከተሰነቀረ መኪና አጠገብ ቆሜ ነው የምጽፍላችሁ። እኔም ጓደኛዬም ተርፈናል።

ከሲያትል የመጣሁት የጓደኛዬን የጌታቸውን ልጅ ሠርግ ለመብላት ነው። ሠርጉ ነገ ነው። ዛሬ «ገጠሩን ላሳይህ» ብሎ በመኪናው ይዞኝ ወጣ።

እኔ ደግሞ አርፌ አልቀመጥም። «አምጣ፣ ልንዳልህ» አልኩት።

«እዚህ የሚነዳው በግራ ነው፤ ትችላለህ?»

«ሲያትል በዝናብ ታክሲ የነዳ ሰው የበግ መንገድ ያቅተዋል?»

እስከ አንድ መታጠፊያ ድረስ ጎበዝ ነበርኩ። ስታጠፍ ግን የትኛው መስመር የእኔ እንደሆነ ጠፋኝ፤ እጄ በለመደው ቀኙን ያዘ።

ጌታቸው ብርቱካን እየላጠ፣ ቀና እንኳ ሳይል «ግራ ግባ» አለኝ።

«ኧረ ግራ ገባኝ!» አልኩት ተጨንቄ።

እሱ ግራውን የያዝኩ መሰለው። «ጎበዝ!» ብሎኝ ብርቱካኑን መላጥ ቀጠለ።

ወዲያው የወተት ቦቴ ጡሩንባውን እያስጮኸ ፊት ለፊት መጣብን። «እመብርሃን!» ብዬ መሪውን ጠመዘዝኩ። ቦይ ውስጥ ገባን።

ነገ ልጁን የሚድረውን ሰው ዛሬ ላስቀብረው ነበር። ሚስቱን በምን ዓይኔ እንደማያት አላውቅም። ሙሽራዋ ነገ የምትሳፈርበት መኪናም ይኸው ቦይ ውስጥ ያለው ነው።

ጌታቸው ድንጋይ ላይ ቁጭ ብሏል። በጎቹ እሱን ያያሉ፣ እሱ መኪናውን ያያል።

«ጌቾ፣ ስደበኝ እንጂ» አልኩት።

«ግራ ገባኝ» አለኝ።

እናንተስ በሰው አገር መንገድ እንዲህ ግራ ገብቷችሁ ያውቃል? ጻፉልኝ፤ የሚጎትተን ትራክተር እስኪመጣ ለጌቾም አነብለታለሁ።