የጎሚስታው ንጹሕ እጅ

ሰፈርተኛው ጋሽ ነፋስ ነው የሚለው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ለሰው ጎማ ነፋስ ሲሞላ የኖረ ጎሚስታ ነውና ስሙ ልኩ ነው። ሱቁ ከፊት፣ ቤቱ ከኋላ፣ መሐላቸው አንዲት ጠባብ በር። በዚያች በር ሲገባ ሚስቱ ድሮ «ጥቀርሻዬ መጣ!» ትለው ነበር። በእጁ ላይ ሳሙና ተስፋ ቆርጧል። እሷም ለወጉ ትቆጣዋለች እንጂ፣ ያን ጎማ ጎማ የሚሸት እጅ ካልያዘች እንቅልፍ አይወስዳትም ነበር።

ከዚያ የመርሳት ሕመም መጣ። መጀመሪያ ቁልፍ ያስቀመጠችበትን ቦታ፣ ቀጥሎ የጎረቤቶቿን ስም፣ በመጨረሻም ባሏን ወሰደባት። ሳንባዋም ደከመና፣ ልታያት የምትመጣው ነርስ «ከሁሉ በፊት ንጽሕና!» አለች። ጋሽ ነፋስ ደግሞ ነርስ ያለችውን መሬት የሚጥል ሰው አይደለም። ወደ ሚስቱ ከመግባቱ በፊት ቱታውን ያወልቃል፣ እጁን በብሩሽ ቆዳው እስኪላጥ ይፈትጋል፣ ነጭ ሸሚዝ ይለብሳል። እንዲህ ሙሽራ መስሎ ሲገባ ሴትዮዋ ብርድ ልብሷን እስከ አፍንጫዋ ትስባለች።

«ጤና ይስጥልኝ ዶክተር፤ ዛሬ መርፌ የለም አይደል?» ትለዋለች፣ በአንቱታ። እሱን!

ማንኪያ ሲያቀርብላት አፏን ትገጥማለች። ከውሃ በቀር ምንም ሳትቀምስ አራት ቀን ሆናት። ነርሷም ቁርጡን ነገረችው፤ እስከ ነገ ካልበላች ሆስፒታል ገብታ በአፍንጫዋ በቱቦ ልትመገብ ነው። እሷ ግን ገና ልቧ ሳይጠፋ «ምንም ብሆን ከቤቴ እንዳታስወጣኝ» ብላ አስምላዋለች።

በማግስቱ ረፋድ ላይ አንድ የጭነት መኪና ሁለት ጎማ ፈንድቶበት ሱቁ ደጃፍ ቆመ። የያዘው ተጠባባቂ ጎማ፣ ስኮርታው፣ አንድ ብቻ ነው። ሾፌሩ ሌላ ጎማ እስኪላክለት ድረስ የትም አይሄድም፤ ስልኩ ባትሪ ጨርሶ ተዘግቷል፣ በአካባቢው የሚያውቀው ሰው የለም። ጋሽ ነፋስ የራሱ ጭንቅ ይበቃው ነበር። ግን መንገድ ላይ የቀረን ሰው አይቶ እንዳላየ ማለፍ አይሆንለትም፣ ምን ይደረግ። ስልኩን ሰጥቶ አስደወለው፤ ከዚያ ክሪኩን አወጣ። ሁለቱ መኪናው ሥር ተጋድመው ጎማዎቹን ሲፈቱ፣ ሾፌሩ እስከ ክርኑ ጥላሸት መሰለ።

«ምሳ በልተሃል?» አለው ጋሽ ነፋስ ሲጨርሱ።

«የትናንት ወዲያውን ከቆጠሩልኝ፣ አዎ ጋሼ።»

«በል ና፣ ቤት ሾርባ አለ። ታማሚ አለችብኝ፣ ድምፅህን ዝቅ አድርግ።»

ጋሽ ነፋስ እንደ ልማዱ ቧንቧው ጋ ሄዶ መፈተግ ጀመረ። ሾፌሩ ግን ረሃቡ ቀደመውና ሳይታጠብ በጠባቧ በር ዘው አለ።

«አንተ! ታጠብ እንጂ!» ብሎ አረፋው ከእጁ ሳይወርድ ተከተለው። በሩ ላይ ሲደርስ ግን ባለበት ቆመ።

ሚስቱ ከትራሷ ቀና ብላ ተቀምጣለች። የሾፌሩን ጥቁር እጅ በሁለት እጇ ይዛ ታሸተዋለች።

«ጥቀርሻዬ» አለች። «ምነው ቆየህ? በረሃብ ልትገድለኝ ነው?»

ሾፌሩ የሚሆነው ጠፍቶት ወደ ጋሽ ነፋስ ዞረ። ጋሽ ነፋስ በአገጩ የሾርባውን ሳህን አሳየው። ሾፌሩ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ በማንኪያ ያበላት ጀመር። ሳህኑ አለቀ። ጨምር አለችው። ጋሽ ነፋስ በሩን ተደግፎ ያያል። ደስ አለው፣ ደግሞም ቀና። ልጁ በሚሆን ሰው መቅናት ያሳፍራል፣ ግን ቀና። እነዚያን ሁሉ ቀናት በብሩሽ እየፈተገ ከእሷ ያጠፋው ራሱን እንደነበረ ያን ጊዜ ገባው።

ጎማው ከሰዓት በኋላ መጣ፤ ገጥመውት ሾፌሩ ሊሄድ ሆነ።

«ጋሼ፣ ከፈለጉ ነገም ውዬ ላበላልዎት።»

«ሂድ ልጄ፣ መንገድህ ሩቅ ነው። ነገን እኔ እሞክራለሁ።»

በማግስቱ ቀትር ላይ ጋሽ ነፋስ ቧንቧው ጋ አልሄደም። ነርሷ ብትሰማ ትጮህበት ነበር፤ ትጩህ። ሾርባውን ይዞ በቱታው ገባ። ሚስቱ እጁን ያዘች፣ ወደ አፍንጫዋ አስጠግታ ቆየች፤ ቀጥሎ ፊቱን ረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ አፏን ከፈተች። በላች፣ ሳህኑ እስኪጠረግ በላች።

«እኔ ነኝ እኮ» አላት፣ እንባው እየቀደመው።

«አውቃለሁ» አለች በትሕትና። «ከባሌ ጋር የሚሠሩት ሰውዬ ነዎት፤ እጅዎ የሱን እጅ ይሸታል። እግዜር ይስጥልኝ። አሁን ግን ወደ ቤትዎ ይሂዱ፤ ሚስትዎ ብቻዋን ስትጠብቅ ይጨንቃታል።»

«እሺ» አላት። ሳህኑን ይዞ ወጣ፤ እንቅልፍ ወስዷት ተመልሶ አጠገቧ መቀመጥ እስኪችል ድረስ ሱቁ ውስጥ ጎማ ላይ ተቀምጦ አለቀሰ።