ደም ውስጥ ነፋስ በየት ይገባል?

እትዬ አልጣሽ አሰላ ገበያ ውስጥ ቅቤ ሲሸጡ ነው ያረጁት። ከዲክሲስ ከሚመጡ ሴቶች ይገዛሉ፤ ሳይቀምሱ ግን አይገዙም። መሃሉ ድንች የታጨቀበት ቅቤ በዓይን አይለይም። ሁዳዴ ሲገባ የሚቀምስላቸው ሌላ ሰው ነው፤ ድሮ ሙስሊሟ ጎረቤታቸው ሀሊሜ ነበረች። ዘንድሮ ግን ረመዳንና ሁዳዴ ገጠሙና ሥራው ለሌላዋ ጎረቤታቸው፣ ለፕሮቴስታንቷ ለወርቅቱ ደረሳት።

«የሁለት ሃይማኖት ቅቤ ብቻዬን ልጨርስ ነው!» ትላለች ጣቷን እየላሰች።

በዚያው ሰሞን ጤነኛ ሰዎችን የሚያጠኑ ባለሙያዎች ሰፈር መጥተው ደም ወሰዱ። እትዬ አልጣሽ ፈቅደው ክንዳቸውን ሰጡ። እናታቸውን የገደላቸው ስኳር ነበር፤ መጀመሪያ እግራቸውን፣ ከዚያ ዓይናቸውን ወስዶ። «ወደ እኔም እየመጣ ይሆን?» የሚለው ሐሳብ ለቋቸው አያውቅም። ደሙ በጾም መወሰዱ ደስ አላቸው። ቅቤ በአፋቸው ካልዞረ ሰንብቷል፤ ንጹሕ የሚሆን መሰላቸው።

ውጤቱን የነገረቻቸው ከባለሙያዎቹ አንዷ፣ ነርሷ ናዝሬት ናት።

«ስኳር የለብዎትም። ግን ሰውነትዎ በደም ያለውን ስኳር ለሚቀንሰው ለኢንሱሊን እንደ ድሮው አይታዘዝም፤ ስኳሩን ልክ ለማድረግ ብዙ ኢንሱሊን ያመርታል። ኮሌስትሮልዎም መጠኑ ደህና ነው፤ ከፊሉ ግን በኦክስጅን ተበላሽቷል። ጤነኛ በሚባሉ ሰዎችም ላይ ሁለቱን አንድ ላይ እያየናቸው ነው።»

እትዬ አልጣሽ የተበላሸ ስብ ያውቃሉ። የተጠቀለለበት ቅጠል የተገለጠ ቅቤ ነፋስ ሲነካው ላዩ ቢጫ ቆዳ ያወጣል።

«ቅቤንስ ነፋስ ያበላሸዋል። ደም ውስጥ ነፋሱ በየት ገባ?»

ናዝሬት ሳቀች። «ሲተነፍሱ ነዋ! ሰውነት መከላከያ አለው፤ መከላከያው ሲያንስ ስቡ ይበላሻል።»

«እኔ እኮ ቅቤ አልቀመስኩም!»

«የሚበላሸው እዚያው ደም ውስጥ ነው፣ እትዬ።»

«ታዲያ የቱ ይቀድማል? አለመታዘዙ ነው ወይስ መበላሸቱ?»

«እሱን እኛም ገና እየፈለግን ነው።»

ድምፃቸው ዝቅ አለ። «እናቴንም እንዲህ ነው የጀመራት?»

«ሊሆን ይችላል፤ ያኔ ያየላቸው ሰው አልነበረም። የእርስዎ ገና መንገድ ላይ ነው፤ ከዚህ የሚመለስ አለ። ለመሆኑ ቀኑን እንዴት ነው የሚውሉት?»

አብራቸው የመጣችው ወርቅቱ ቀደመች። «ዱካ ላይ ተተክለው! ከቅዳሴ መልስ ደግሞ ሻይ ሳይሆን ስኳር ነው የሚጠጡት።»

«አንቺ ደግሞ ማን ጠየቀሽ?» አሉ እትዬ አልጣሽ፤ ግን አላስተባበሉም።

በማግስቱ ቅቤው ዱካቸው ድረስ እስኪመጣ አልጠበቁም። የዲክሲስ ሴቶች ከሚወርዱበት መናኸሪያ ድረስ በእግራቸው ወጡ። ቀማሽ ያስፈልጋቸዋልና ወርቅቱም እያለከለከች ተከተለቻቸው።

«የእርስዎ ደም ተበላሽቶ እኔ ልሙት?»

«ቅቤውን ማን ጨረሰው? ተራመጂ!»

ከፋሲካ በኋላ ናዝሬት ደማቸውን ዳግም ትወስዳለች። እስከዚያ አንድ ቅቤ ባነሡ ቁጥር ቢጫውን ቆዳ በጥፍራቸው ፋቅ አድርገው ከሥሩ ያለውን ነጭ ያያሉ። ከዚያ ለወርቅቱ ያቀብሏትና ፊቷን እያዩ ይጠብቃሉ።